ከአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ እስከ ልጄ ስልክ

በአቃቂ ቃሊቲ ለወላጆችና ለወጣቶች የቀረበ ንግግር



«ልጆችና ስልክ» በሚል ርዕስ እንድናገር ስጠየቅ ምን እንደሚጠበቅብኝ ገብቶኛል። ስልክ ልጆቻችንን አበላሸ ብዬ እንድጮህ፣ እናንተም «እውነት ነው!» ብላችሁ እንድታጨበጭቡ ነው። አላደርገውም። እኔ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ ነኝ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ኖሬ፣ ዛሬ እንጀራዬ በአብዛኛው ከስልክ ነው። የበላሁበትን ወጪት መስበር አልፈልግም። ስልክን ለማሞገስም አልመጣሁም፤ የልጆች አባት ነኝና። ከጥገና ጠረጴዛዬ ኋላ ሆኜ የማየውንና ማታ ቤቴ ገብቼ የማብሰለስለውን ላካፍላችሁ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ መሣሪያ የሚባል ነገር ሁሉ ትናንት ድንገት የመጣብን ይመስላል። ሰፈራችን ግን ለመሣሪያ እንግዳ አይደለም። በ1909 ዓ.ም ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በአቃቂ አልፎ ነው። በ1927 ዓ.ም ደግሞ እዚሁ አቃቂ ላይ፣ ድምፁ በአጭር ሞገድ ባሕር ማዶ የሚደርስ ትልቅ የሬዲዮ ጣቢያ ተመረቀ። የሠራው አንሳልዶ የሚባል የጣልያን ኩባንያ ነበር። ወራት አልፈው መስከረም 1928 ሲገባ፣ ከጣልያን ጋር ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚሁ ጣቢያ ለዓለም ንግግር አደረጉ። እቴጌ መነንም ለዓለም ሴቶች ስለ ሰላም ተናገሩ። ጣልያን ያቆመው ማሽን በጣልያን ላይ አቤቱታ አሰማ ማለት ነው። ይህን ታሪክ ለልጆቼ ስነግራቸው ትልቋ «ታዲያ ለምን አላበላሹትም?» ብላ ጠየቀችኝ። መሣሪያ ለሠራው ሰው ብቻ እንደማይታዘዝ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ያን ንግግር በየቤቱ ቁጭ ብሎ ያዳመጠ የአገራችን ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነበር፤ ሬዲዮ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበርና። ሬዲዮ ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው ብዙ ቆይቶ፣ በትራንዚስተር ዘመን ነው።

እኔ የማውቀው የመጀመሪያው ሬዲዮ የአባቴ ነው። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እዚሁ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠሩ ነበር። ሬዲዮዋ ዳንቴል ለብሳ ቡፌው ላይ ትቀመጣለች፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ የሚነካት የለም። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ እየሰለለ ይሄዳል። ያኔ ድንጋዮቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት የእኔ ሥራ ነው። ዛሬ ወጣቶች ስትሰሙ ትስቃላችሁ፤ ነገር ግን ዘዴው ባዶ እምነት አልነበረም። ባትሪ ውስጥ ያለው የኬሚካል ሥራ ሙቀት ሲያገኝ ይፈጥናል፤ ስለዚህ የደከመ ድንጋይ ለአጭር ጊዜ ነፍስ ይዘራል። ለአንድ ዜና ይበቃል፤ ቢበዛ ለአንድ ግማሽ የኳስ ጨዋታ።

ልብ በሉልኝ፤ ድንጋይ ገንዘብ ነው። አንድ ሰው ብቻውን እንዲያዳምጥ ተብሎ ድንጋይ አይባክንም። ሬዲዮ ሲከፈት እናቴ ከጓዳ ትወጣለች፣ ጎረቤት በር ላይ ይቆማል፣ እኛ ልጆች መሬት ላይ እንደረደራለን። ያሰባሰበን ከዛሬው ሰው የበለጠ ፍቅር ስለነበረን አይመስለኝም። እጥረት ነው ያሰባሰበን። «ድሮ እንዋደድ ነበር» የሚሉ ንግግሮችን የማልወደው ለዚህ ነው፤ ድሮም ሁላችንም የየራሳችን ሬዲዮ ቢኖረን ኖሮ በየጥጋችን እንቀመጥ ነበር።

ቢሆንም በዚያ በእጥረት ሰበብ ያገኘነው ነገር ትንሽ አልነበረም። ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተካሂዶ፣ ኢትዮጵያ ለፍጻሜ ከዚምባብዌ ጋር ገጠመች። አንድ እኩል ወጡና በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 4 ዋንጫው እዚሁ ቀረ። ያንን ቀን የሚያስታውስ ሰው የደምሴ ዳምጤን ድምፅም አብሮ ያስታውሳል። አባቴ ጨዋታው ሳይጀመር ሽምብራ ቆሎ ትሪ ላይ ደረደሩ፤ ይቺ በረኛ፣ እነዚህ ተከላካዮች፣ ይቺ አጥቂ እያሉ። ጋዜጠኛው ኳሱ በቀኝ መስመር ሄደ ሲል ሽምብራዋን በጣታቸው ይገፏታል። ኳስ ሜዳ አራት ማዕዘን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ሰው በሜዳው ላይ እንዴት ቦታ እንደሚይዝ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ከድሉ በኋላ ሁለቱንም ቡድን ቆርጥመን በላናቸው፤ ዚምባብዌን አስቀድመን።

በዕድሜ የገፋችሁ የ1954ቱን ትቆጥሩብኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ በዚያ ዓመት ጥር ወር እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን የወሰድንበት ትልቁ ድላችን ነው። እኔ ግን አልተወለድኩም ነበር። አባት ለልጁ ማውረስ የሚችለው አብረው የኖሩትን ጨዋታ ነው።

ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም፣ በንጉሡ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ቀለም ያገኘው ደግሞ በ1977 ዓ.ም፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር። በእኛ ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ነበር፤ እግራችንን ታጥበን እንገባለን፣ የቤቱ እመቤትም በር ላይ ቆመው ተረከዛችንን ይፈትሻሉ። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ተረት ሲያወሩ ሕፃኑም ሽማግሌውም እኩል አፉን ከፍቶ ያዳምጥ ነበር። ቆይቶ ለእኛም ቤት ቴሌቪዥን ሲገዛ አንቴናውን ጣሪያ ላይ አቆምን። አንድ ፕሮግራም ለማየት ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ ጣሪያ ላይ አንቴና የሚያዞር፣ በር ላይ ቆሞ የሚያስተላልፍ፣ ውስጥ ሆኖ የሚያይ። «አሁንስ?» «ትንሽ ወደ ግራ!» «አለፈ፣ አለፈ፣ መልሰው!» ታናሽ ወንድሜ የልጅነት ዘመኑን ግማሹን ጣሪያ ላይ ነው ያሳለፈው ብዬ እቀልድበታለሁ። ዛሬ ዋሽንግተን አካባቢ ነው የሚኖረው፤ ስለ እሱ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጥገና ጠረጴዛዬ ልውሰዳችሁ። ድሮ ሬዲዮ ሲበላሽ ወደ ሱቄ የሚመጣው ቤተሰብ ነበር። አባት ይሸከማል፣ ልጅ ይከተላል፣ እናት «ለበዓል ይደርሳል?» ብላ መልእክት ትልካለች። ቴሌቪዥን ሲበላሽማ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ይጠይቀኝ ነበር፤ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ጨዋታ ካለ። ክዳኑን ከፍቼ ስሠራ ዙሪያዬን ከብበው ያያሉ። ዛሬ ስልክ የተበላሸበት ሰው ብቻውን ይመጣል። ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ ቻርጅ አይቀበልም፣ ባትሪው አብጧል ይለኛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፓተርኑን ልንገርህ፣ ግን ውስጡን አትክፈት» ይላል። ባል እንዲህ ይላል፣ ሚስት እንዲህ ትላለች፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅም እንዲህ ይላል። ወንጀል ስላለበት አይደለም። ስልክ ለአንድ ሰው ብቻ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ስለሆነ ነው። ምጣዱ የቤት ነው፣ ሬዲዮው የቤት ነው፣ ቴሌቪዥኑም የቤት ነው። ስልክ የሰው ነው።

ስለ ልጆችና ስክሪን ስንነጋገር ሁልጊዜ የምንጨቃጨቀው በሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም ባወጣው መመሪያ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጭራሽ ስክሪን እንዳያይ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል። ይህን ለሕፃናት እቀበላለሁ፤ ሕፃን ሊንቀሳቀስ፣ ሊተኛ፣ ሰው ሊያነጋግረው ይገባል። ከፍ ላሉት ልጆች ግን የሰዓት ቁጥር ብቻውን አይነግረኝም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም በ2009 ዓ.ም ምክሩን ሲያሻሽል ከፍ ላሉት ልጆች አንድ ወጥ የሰዓት ገደብ ማስቀመጡን ትቶ፣ ቤተሰቡ የራሱን ደንብ እንዲያወጣና ወላጅ ከልጁ ጋር አብሮ እንዲያይ መክሯል። እኔ በጠረጴዛዬ ላይ ያየሁትን ሐኪሞቹ በጥናት ደርሰውበታል። ልጄ ስንት ሰዓት አየች ብዬ ከመጠየቄ በፊት ስታይ አጠገቧ ማን ነበር ብዬ እጠይቃለሁ።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። ልጆቹ እዚያው አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ የሚጫወቱት ቤዝቦል ነው። ወንድሜ ኳስ ወዳድ ነው፤ በየበጋው የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን የሚያዘጋጀውን የእግር ኳስ ውድድር ለማየት ከተማ ለከተማ ይዞራል። ከ1976 ዓ.ም ጀምሮ የቆየ በዓል ነው፤ ሰዎች ሊጠያየቁ፣ ሊበሉ፣ ልጅ ሊድሩም ይሄዳሉ። ልጆቹ ግን ልባቸው ቤዝቦል ላይ ነው። እዚያ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሲጫወቱ እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ቡና የሚፈላበት ሰዓት። ወንድሜ ስልኩን አጥሩ ላይ ያንጠለጥልና በቪዲዮ ይደውልልናል። እናቴ መነጽሯን ታደርጋለች። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይቆማል። ለረጅም ጊዜ ምንም አይሆንም። እናቴ፣ «ይሄ ልጅ ምን እየጠበቀ ነው?» ትላለች። «ኳሱ ወደ እሱ እስኪመጣ» እላታለሁ። «ካልመጣስ?» «ሳይመጣ ሊያልቅ ይችላል።» አንድ ቀን የልጅ ልጇ መትቶ ሲሮጥ ዕጣኑ ላይ ቡናዋን ደፍታ ተነሣች። የእኛ ልጆች፣ ጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ በአንዲት ስልክ ዙሪያ ተፋፍገን ነበር።

እናቴ ጨዋታውን የተረዳችው በገና ጨዋታ በኩል ነው። በገና ቀን ጎረምሶች በቆልማማ ዱላ ጥንግ ሲያሯሩጡ፣ ጌታና ሎሌ እኩል ሲጋፉ አይታ ያደገች ሴት ናት። ዱላም አለ፣ ኳስም አለ፤ «ፈረንጅ ገናን ሥርዓት አስይዞት ነው» ብላ ጉዳዩን ዘጋችው። ስህተት ነው ልላት አልደፈርኩም።

በቤዝቦል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አባትና ልጅ በመሣሪያ ዙሪያ እንዴት እንደሚቀመጡ ከእኛ ቀድሞ ያየ ጨዋታ ስለሆነ ነው። ቤዝቦል በሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ የተላለፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በነሐሴ 1921 ከፒትስበርግ ከተማ፣ ኬዲኬኤ ከሚባል ጣቢያ ነው። የማብቂያ ሰዓት የሌለው ጨዋታ ነው፤ ዘጠኙ ዙር እስኪያልቅ ይቀጥላል። በኅብረት ለማዳመጥ የተመቸ ነው፤ በሁለት ውርወራ መካከል ወሬ ይገባል፣ አባት የድሮ ተጫዋች ያነሣል፣ ልጅ ይጠይቃል። የጨዋታው ጥቅም ያለው ምንም በማይሆንበት ጊዜ ነው ብል አልተሳሳትኩም። አሜሪካውያኑ ግን ትዕግሥት አጡ። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2022 የአንድ ጨዋታ አማካይ ርዝመት ከሦስት ሰዓት በላይ ስለነበር፣ በ2023 ወርዋሪው በሰከንድ ተቆጥሮ እንዲወረውር አዲስ ሰዓት ተተከለ፤ ጨዋታውም ከ20 ደቂቃ በላይ አጠረ። ተመልካቹ ደስ አለው ይባላል። እኔ በአሳዳጊነቴ አዘንኩ።

ምክንያቱም ይኸው ነገር እኔም ቤት ገብቷል። ልጄ የአርሴናልን ጎሎች ሁሉ ታውቃለች፤ ማን አቀበለ፣ ማን አገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ። ሙሉ 90 ደቂቃ ቁጭ ብላ ማየት ግን አይሆንላትም። ጎሉ በስልኳ ተቆርጦ ይመጣላታል። ለአባቷ የቀረለት ሥራ ምንድን ነው? ጎል ምንም ማብራሪያ አይፈልግም። ማብራሪያ የሚፈልገው ያለ ጎል ያለፈው 40 ደቂቃ ነው፤ ተከላካዩ ለምን ወደ ኋላ እንደሄደ፣ አሠልጣኙ ለምን ተጫዋች እንደቀየረ። ሽምብራ የሚደረደረው ለዚያ ነበር። በጥቅምት 2005 ዓ.ም ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ፣ ደስታው የመጣው ከሁለቱ ጎሎች ብቻ አይደለም፤ 31 ዓመት ከጠበቅነው ነው። ይህን በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ማን ያሳያል?

እኛ አባቶች ግን ራሳችንን እንመልከት። ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ ቀላሉ ባቡር ከቃሊቲ ተነሥቶ ወደ መሐል ከተማ ይሄዳል። ማታ በእሱ ስመለስ የማየው ልጆችን አይደለም፤ እንደ እኔ ጺማቸው የሸበተ ሰዎችን ነው፤ አንገታቸውን ደፍተው ስልክ ላይ። ቤት ሲገቡም ቀና አይሉም። እራት ቀርቦ፣ እናት ልጆቹን ለብቻዋ እያበላች፣ እያስጠናች፣ እየገሠጸች፣ አባት ሶፋ ላይ ጣቱን ወደ ላይ ይገፋል። ከዚያ ልጁን «ስልክ አስቀምጥ!» ይላል። እናቶች እዚህ እየሳቃችሁ ነው፤ ሳቃችሁ ብዙ ይናገራል።

ልጆች ስልክ ላይ የሚያፈጡበት ሌላ ምክንያት አለ፤ ይሄኛውን ጠንከር አድርጌ እናገራለሁ። ውጭ ሜዳ የለም። እኛ ከፋብሪካው በሚወጣ ብጣሽ ጨርቅ ካልሲ ጠቅጥቀን ኳስ እንሠራ ነበር፤ ኳሱ ድሃ ቢሆንም ሜዳው ሀብታም ነበር። በባቡሩ ሐዲድ ዳር፣ በወንዙ በኩል፣ በየፋብሪካው አጥር ሥር ባዶ መሬት ሞልቶ። ዛሬ አቃቂ ቃሊቲ የመጋዘን፣ የከባድ መኪናና የጋራ መኖሪያ ቤት አገር ነው። ልጅ ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ የሚያገኘው ወይ መኪና የቆመበት ግቢ ነው፣ ወይ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ወይ የስፖርት ውርርድ ቤት። ፕሌይስቴሽን ቤቱን አልጠላውም፤ እኛም ጆተኒ ስንጫወት ሳንቲማችንን ጨርሰናል፤ ቢያንስ ልጆቹ አንድ ላይ ይጯጯሃሉ። የውርርድ ቤቱ ግን ጨዋታን ወደ ትኬት የሚቀይር ነው። እዚያ የገባ ወጣት ኳስ አያይም፤ ውጤት ይጠብቃል። በእኔ እምነት በሰፈራችን ለልጅና ለጨዋታ ትልቁ ጠላት ስልክ ሳይሆን እሱ ነው።

በቤቴ ያደረግሁትን ብትጠይቁኝ ትንሽ ነው። ቅዳሜ ማታ አንድ ጨዋታ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው በትልቁ ስክሪን አብረን እናያለን፤ ስልኮቹ ቡፌው ላይ ይቀመጣሉ፣ የእኔም ጭምር። ልጄ መጀመሪያ ተነጫነጨች፤ አሁን እሷ ናት ለታናናሾቿ የምታብራራው፤ አንዳንዴ ለእኔም፣ ባልጠየቅኋት ጊዜ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጨዋታው ይቋረጥና ክርክሩ በጨለማ ይቀጥላል።

በቤት ውስጥ የሚሠራውን እያንዳንዳችን እንወጣው። ሜዳውን ግን አንድ አባት ብቻውን አያመጣውም። እዚህ የተቀመጣችሁ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ኮሚቴ አባላት፣ የወረዳ አመራሮች፣ የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። በየግቢያችን ለልጆች መጫወቻ ተብሎ የተተወውን ቦታ ለመኪና ማቆሚያ አታከራዩት። የትምህርት ቤት ሜዳ ቅዳሜና እሁድ ተቆልፎ ከሚውል ለሰፈር ልጆች ይከፈት፤ ጥበቃ ያስፈልጋል ካላችሁ እኛ አባቶች በተራ እንጠብቃለን። ከዚህ አዳራሽ ከመውጣታችን በፊት ስማችንን እናስመዝግብ፤ የመጀመሪያውን ቅዳሜ እኔ እወስዳለሁ።